ስማቸውን ማን ይጥራ?

በ2015 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት ድምፃዊ ማዲንጎ አፈወርቅ ማረፉ ተሰማ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ አዘጋጅ ስልክ ደወለልኝ፤ «እስከ ነገ ጠዋት ሁለት ገጽ ታደርስልኛለህ? አንባቢን የሚያስለቅስ ይሁን» አለኝ። አደረስሁለት። ሌሊቱን ሙሉ ዘፈኖቹን እያዳመጥሁ፣ እውነቱን ለመናገር ራሴም እንባዬን እየጠረግሁ ጻፍሁ። ጽሑፉ ወጣ። ወዳጆቼ «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ክፍያዬንም ያለ ብዙ ምልልስ ተቀበልሁ፤ በግሉ እየጻፈ ለሚኖር ሰው ይህ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል።

በዚያው ሳምንት በሰፈራችን አንዲት እናት ዐረፉ። ድንኳኑን አይቼዋለሁ። ጽሑፌ የወጣበትን ጋዜጣ ልገዛ ስወጣ በአጠገቡ ነው ያለፍሁት። «ማን ሞቶ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ሽው አለብኝ፤ እግሬ ግን አልቆመም። ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ምሽት እንደ ልማዴ ቆሎ ልገዛ ወደ መታጠፊያው ብሄድ የለመድኋት ቦታ ባዶ ናት። እዚያው አጠገብ የሚሠራውን ሊስትሮ ጠየቅሁት። «እማማ ቆሎን ነው? ዐርፈዋል እኮ! አልሰማህም እንዴ?» አለኝ፤ ከያዘው ጫማ ላይ ቀና ብሎም አላየኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ከእኚህ ሴት ቆሎ ገዝቻለሁ። በስኒ ሰፍረው፣ ሁልጊዜም ምርቃት ጨምረው ይሰጡኝ ነበር። ገንዘብ ባጠረኝ ወር «ይሁን፣ ስታገኝ ታመጣለህ» ይሉኛል። ዐይኔ ቀልቶ ሲያዩኝ «ሌሊት ሌሊት አትጻፍ ብዬህ አልነበረም?» ብለው ይቆጡኛል። ስለ ማዲንጎ ሕይወት ሁለት ገጽ የሚሞላ ነገር ባንድ ሌሊት ሰብስቤ ነበር። የእማማ ቆሎን ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ስማቸውን እንኳ አላውቅም ነበር።

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ከዚያ እፍረት ነው።

*

ዝነኛ ሰው በሞተ ቁጥር የማይቀር አንድ ተግሣጽ አለ። «ለአንድ ዘፋኝ ይህ ሁሉ ለቅሶ? በየሆስፒታሉ፣ በየጎዳናው፣ በየጦር ሜዳው ስንቱ ይሞት የለም እንዴ? ለእነርሱ ማን አለቀሰ?» እንባላለን። ተግሣጹ የጨዋ ይመስላል፤ የተቆርቋሪም ይመስላል። እኔ ግን ከዚህ ወገን አይደለሁም። ያለቀሰው ሰው ምን አጠፋ? እንባ በትእዛዝ አይፈስም፤ በትእዛዝም አይቆምም። ደግሞስ ይህን ተግሣጽ የሚሰነዝሩት ሰዎች በዚያ ዕለት ለየትኛው ያልታወቀ ሟች ሲያለቅሱ ዋሉ?

ጥላሁን ገሠሠ የሞተው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነበር፤ የትንሣኤ በዓል ዕለት። እኔ ያን ጊዜ ተማሪ ነበርሁ። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በተቀበረበት ቀን አዲስ አበባ ምን ትመስል እንደነበር ያየ ሰው አይረሳውም። እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ ስታለቅስ ዋለች። አባቴ «አንቺ ሴት፣ ዘመድሽ ነው እንዴ?» ሲላት አልመለሰችለትም። ምሥጢሩን የነገረችኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ታላቅ ወንድሟ በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ተገድሏል። ጢሙን ሲላጭ የጥላሁንን ዘፈን የሚያንጎራጉር ልጅ ነበር። በተገደለ ጊዜ ቤተሰቡ እንዳያለቅስ ተከለከለ። በዚያ ዘመን ለልጃቸው ማልቀስ የተከለከሉ፣ ይባስ ብሎም የተገደለበትን ጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ወላጆች እንደነበሩ የሚታወቅ ነው። «እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ጮኼ እንዳላስፈጃቸው አያትህ አፌን በነጠላ አፍና ያዘችኝ» አለችኝ እናቴ። «ጥላሁን ሲሞት ግን ማንም አልከለከለኝም።»

እንግዲህ ለማን አለቀሰች እንበል? ለጥላሁን ወይስ ለወንድሟ? ለቅሶ ቤት ሄዶ የራስን ማልቀስ የኖረ ልማዳችን ነው። የዝነኛ ሰው ቀብር ደግሞ የሁሉም ለቅሶ ቤት ነው። ዘመድ መሆን አይጠየቅበትም፤ ከልካይ የለበትም፤ ምክንያት አቅርብ የሚል የለበትም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ስንቱ ያልተለቀሰለትን ወንድሙን፣ በስደት የቀረ ልጁን፣ ያለፈች ጉርምስናውን ሲያለቅስ እንደነበር ማን ያውቃል? የሕዝቡን እንባ የሚነቅፍ ሰው ከእንባው ሥር ያለውን አላየም።

ነገር ግን ይህን ካልሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፤ ሌሊት ሌሊት የሚቆረቁረኝም እርሱ ነው። አጎቴ ለምን የራሱ ለቅሶ አልኖረውም? ሰው የራሱን ሟች በሌላ ሰው ቀብር ላይ ተደብቆ እንዲያለቅስ ያደረገው ማን ነው? ጥፋተኛ ካስፈለገ መፈለግ ያለበት በአልቃሹ ዘንድ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

*

ወደ ኋላ መለስ እንበል። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በድጋሚ ያሸነፈ፣ በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ የሆኑ ጀግና ነው። በቀብሩ ላይ 65,000 ያህል ሰው እንደተገኘ ይገመታል። ንጉሠ ነገሥቱም ተገኝተዋል፤ የሐዘን ቀንም ታውጇል። ይገባዋል! ከዚያ ለቅሶ አንዲት ዘለላ እንባ ይቀነስ የሚል እኔ አይደለሁም።

ግን በዚያው ጥቅምት ወር ወሎ ውስጥ ምን ይደረግ ነበር? ሕዝብ በረኃብ ያልቅ ነበር። ሟቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነበር። አበበ ከማረፉ ልክ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 8 ቀን፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ሄዶ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቷል። የፊልሙ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ያልታወቀው ረኃብ» ማለት ነው። የለንደን ሰው እራቱን እየበላ የወሎን እናቶች አየ። ከወሎ የአንድ ቀን መንገድ ላይ ያለው የአዲስ አበባ ሰው ግን በራሱ ቴሌቪዥን አላየም፤ መንግሥቱ ነገሩ እንዲሰማ አልፈለገምና።

የአዲስ አበባ ሕዝብ ጨካኝ ነበር? አልነበረም። ለአበበ የወጣው ያ ሁሉ ሕዝብ ለወሎም ሊያለቅስ የሚችል ልብ ነበረው። አበበን ያውቀዋል፤ ሮም ሲሮጥ በሬዲዮ ሰምቷል፤ ፎቶግራፉን በግድግዳው ሰቅሏል፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሲቀመጥ አብሮት ተክዟል። የወሎን ገበሬ ግን ማንም አላስተዋወቀውም። ሰው ለማያውቀው ሰው እንዴት ያለቅሳል?

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ያ ፊልም በመጨረሻ በአገራችን ቴሌቪዥን ታየ። መቼ? መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ! ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀጣጥሎ ነበር የቀረበው። የወሎ ሟቾች ለሕዝብ የታዩት ለሥልጣን ሽግግር ሲያስፈልጉ ነው። ያን ጊዜም ስም አልነበራቸውም። በፊት የተደበቁ ሬሳዎች ነበሩ፤ አሁን የክስ ማስረጃ ሆኑ። የሰው ልጅነታቸው በሁለቱም ጊዜ አልተጠራም።

*

«ይህ የአሮጌው ዘመን ታሪክ ነው» የሚለኝ ቢኖር፣ በእኛ ዘመን የሆነውን ላስታውሰው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተናደ። ከሥሩ ቤት ቀልሰው የሚኖሩትን ቀበራቸው። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ ተውለበለበ። ልክ ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ከቦሌ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። የነበሩበት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ።

ከአውሮፕላኑ መንገደኞች የሚበዙት ዝነኞች አልነበሩም። ልጆቻቸውን ሊያዩ የሚሄዱ አያቶች፣ የእርዳታ ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ ለሥራ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ30 በላይ በሆኑ አገሮች ያሉ ጋዜጦች የየዜጎቻቸውን ስም፣ ፎቶግራፍ፣ የሕይወት ታሪክ አወጡ። አንዱ ሊያገባ ነበር፤ ሌላዋ ገና አራስ ልጅ ነበራት፤ እየተባለ ተነገረን። በማናውቃቸው ሰዎች አለቀስን። የቆሼዎቹንስ? በአንድ ቁጥር ጠቅልለን፣ «ነፍስ ይማር» ብለን አለፍን።

ልዩነቱ ምን ነበር? ድህነትና ሀብት ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት አለው። እኔ ግን ከዚያ የሚቀርብ፣ ለማረምም የሚቀልል አንድ ልዩነት አያለሁ። አውሮፕላኑ የመንገደኞች ዝርዝር ነበረው። ከመሳፈራቸው በፊት ስማቸው ተጽፏል። ቆሼ ዝርዝር አልነበረውም። በአንድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ኋላ የተሞላ ቅጽ ሊኖር ይችላል፤ ሕዝብ ፊት ግን አልተነበበም። ከቆሼ ሟቾች የአንዱን ስም ጥራ ብትሉኝ አልችልም። እናንተስ ትችላላችሁ?

ጎፋንም እናንሣ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸው አልነበሩም፤ ጎረቤቶቻቸውን ከጭቃው ሊያወጡ ሮጠው የመጡ ናቸው። በአካፋና በእጃቸው ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። ወዳጆቼ፣ ከዚህ የሚበልጥ ጀግንነት የት አለ? አንድ የፊልም ተዋናይ በፊልም ውስጥ እንዲህ ቢሠራ ስሙን እስከ ልጅ ልጆቻችን እናወርሰው ነበር። የእነዚህን ግን ስም ማን ጠራ? ያኔም ብሔራዊ ሐዘን ታውጇል። ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ማለቱ ደግ ነው፤ ነገር ግን ሰንደቅ ዓላማ ስም አይጠራም።

*

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ፤ ዱላውም እዚህ ላይ ይረፍ።

የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ስማር መምህራችን የዜና መመዘኛዎችን በሰሌዳ ላይ ዘረዘሩልን። ወቅታዊነት፣ ቅርበት፣ ታዋቂነት… እያልን ገለበጥን። «ታዋቂ ሰው ዜና ይሆናል» ተባልን፤ ለፈተናም ሸመደድነው። ዜናም ሰውን ታዋቂ እንደሚያደርግ ግን ማንም አልነገረንም። ሕዝቡ የሚያለቅሰው ለሚያውቀው ነው፤ የሚያውቀው እኛ የነገርነውን ነው፤ እኛ የምንነግረው ደግሞ «ሕዝቡ የሚያውቀውን ነው የሚፈልገው» ብለን ነው። ክቡ ተዘጋ። ከዚያም ዞረን «ሕዝባችን ለዘፋኝ ያለቅሳል፣ ለድኻ አያለቅስም» ብለን እናማዋለን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

ደግሞም በዝነኛው ሞት እናተርፋለን። ይህን ለምን እንሸፍነዋለን? የሟች ድምፃዊ ምስል በሽፋኑ ላይ የወጣ መጽሔት ይሸጣል። እኔም ሸጫለሁ። ያ ድምፃዊ በሕይወት ሳለ ታሞ ተኝቶ፣ ወዳጆቹ የሕክምና ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲንከራተቱ፣ ስንቶቻችን ሁለት ገጽ ሰጥተነዋል? እንግዲህ ዝነኛውንም ቢሆን የወደድነው ከሞተ ወዲያ ነው ማለት ነው። ይህ ነገር ፍቅር ከተባለ ለገበያ የዋለ ፍቅር ነው።

የቁጥርና የስም ነገር ወደ ከፋ ደረጃ ሲደርስ ምን እንደሚሆንም አይተናል። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገደለ። አገር አዘነ፤ ማዘኑም ተገቢ ነበር። በተከተሉት ቀናት በተነሣው ሁከት ከ160 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ፖሊስ በዚያው ሳምንት ገለጸ። እነዚያ ሰዎች የማን ልጆች ነበሩ? ምን ይሠሩ ነበር? ከሁሉም ወገን በየፊናው «የእኛ ሟች፣ የእነርሱ ሟች» እያለ ቁጥሩን ለክርክር አዋለው። ስም ያለው አንድ ሞት የአገር ሐዘን ሆነ፤ ስም የሌላቸው ከ160 በላይ ሞቶች የክርክር ነጥብ ሆኑ።

ማዲንጎ በሞተበትና እኔ በሌሊት እንባዬን እየጠረግሁ በጻፍሁበት በዚያ ሳምንትም ሰሜኑ በጦርነት ላይ ነበር። ስምምነቱ ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጦርነት ስንት ሰው እንደሞተ እስከ ዛሬ ሁላችን የተስማማንበት ቁጥር የለንም። የአፍሪካ ኅብረት ልዩ መልእክተኛ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ እስከ 600,000 ሊደርስ እንደሚችል ተናግረዋል። ስማቸው ቀርቶ ቁጥራቸው እንኳ ያልታወቀላቸው ሟቾች! በዚያ ሌሊት እኔ የየትኛውን ወታደር፣ የየትኛዋን እናት ስም ጻፍሁ? አንድም።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. ነሐሴ 25 ቀን ልዕልት ዲያና ፓሪስ ውስጥ በመኪና አደጋ ስትሞት ዓለም በሙሉ በአበባና በእንባ ተጥለቀለቀ። በዚያችው መኪና ሾፌሩም ሞቷል። ስለ ሾፌሩ የምናስታውሰው ጠጥቶ ነበር ወይስ አልጠጣም የሚለውን ክርክር ነው። የሌላው አገር ጥፋት ግን የእኛን አያጸድቀውም፤ እኛ ከዚህ የተሻለ ልማድ ነበረንና።

*

ልማዳችንን አስቡት እስቲ። ሰው ሲሞት የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ በየመንደሩ ይዞራል። ጥሩንባውን ነፍቶ ዝም አይልም፤ የሟችን ስም ይጠራል፤ የየትኛው ቤት ሰው እንደሆነ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ ይናገራል። ሟቹ ሹም ይሁን ተሸካሚ ጥሩንባው አንድ ነው። አስለቃሿም ብትሆን ሙሾ ከማውረዷ በፊት ትጠይቃለች። የማን ልጅ ነበር? ምን ይወድ ነበር? እጁ ለምን ሥራ ይመች ነበር? ጎረቤት ሳይቀር የማያውቀውን ነገር ከቤተሰቡ ሰምታ በዜማ ለሕዝብ ታወጣዋለች። ያን ጊዜ ያልታወቀው ሰው ይታወቃል። ለአንድ ቀንም ቢሆን የሰፈሩ ዝነኛ ይሆናል። ካህኑ በፍትሐት ላይ የሚያነሣውም የክርስትና ስሙን ነው፤ ማዕረጉን አይደለም። በመስጊድም ለጀናዛው ሲሰገድ ሀብታምና ድኻ ባንድ ሶፍ ይቆማሉ።

ይህ የተራው ሰው የሕይወት ታሪክ ነበር፤ የሚጻፍ ሳይሆን የሚጠራ። አባቶቻችን ጋዜጣ ሳይኖራቸው ለእያንዳንዱ ሟች ያደረጉትን እኛ ጋዜጣና ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ይዘን አቃተን። በጋዜጣ ገጽ ላይ የተራ ሰው የሙት ዓመት መታሰቢያ ብታዩ ቤተሰቡ ከፍሎ ያስወጣው ነው።

እማማ ቆሎም ተጠርተዋል። ባረፉ ማግስት ንጋት ላይ የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ በበሬ አጠገብ አልፏል፤ ስማቸውንም ከነአባታቸው ጠርቷል። ኋላ ነው ያወቅሁት። እኔ ግን ስለ ዝነኛ ሰው ሞት ስጽፍ አድሬ ተኝቼ ነበር።

*

ለሁለት ተቃውሞዎች መልስ ልስጥ።

«ሰው ለሁሉም ማልቀስ አይችልም፤ ልብ ወሰን አለው» የሚል አለ። ልክ ነው። በየቀኑ ለሚሞተው ሁሉ የሚያለቅስ ሰው ያብዳል። እኔም እንባ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ስም ነው። የምናለቅስለትን ልባችን ይመርጣል፤ የምንመዘግበውን ግን እኛ እንመርጣለን። ሐዘን ስጦታ ነው፤ ስም መጥራት ግን ዕዳ ነው።

«ዝነኛው ለአገር የሠራ ስለሆነ ይበልጥ ይታዘንለታል» የሚልም አለ። ይሁን። ግን ለአገር የሠራው ማን እንደሆነ እንዴት አወቅን? ጎረቤቱን ሊያድን ጭቃ ውስጥ የገባው የጎፋ ገበሬ ለአገር አልሠራም? ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሌሊት ተነሥታ መንገድ ስትጠርግ የኖረችው ሴት ለአገር አልሠራችም? ሥራቸው ያነሰው አልተነገረም እንጂ አልተሠራም ተብሎ አይደለም። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። እውነት ነው፤ ከመቃብር በላይ የሚውለው ግን ሰው ያነሣው ስም ነው። ያልተነሣው ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ብዙ ሰው ያለቀበት አደጋ ሲደርስ ባለሥልጣን ቁጥር ብቻ ይዞ መግለጫ አይስጥ፤ ቤተሰቦቻቸው እሺ ባሉ ጊዜ የሟቾች ስም ዝርዝር ከነዕድሜና ከነሥራቸው ለሕዝብ ይነበብ። እኛ ጸሐፊዎችም ቁጥር ሲሰጠን «ስማቸውስ?» ብለን እንጠይቅ፤ ጠይቀን ካልተሰጠን አለመሰጠቱን እንጻፍ። መጽሔቶችና ጋዜጦች ለዝነኞች ከሚሰጡት ገጽ በወር አንዱን ብቻ፣ አንዱን ብቻ እላለሁ፣ ቤተሰቡ ለፈቀደለት ያልታወቀ ሟች ይስጡ። ያለ ክፍያ። አስለቃሿ እንዳደረገችው ቤቱ ሄደው፣ የማን ልጅ ነበር፣ ምን ይወድ ነበር ብለው ይጠይቁ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ያለቅስ እንደሆነና እንዳልሆነ እናያለን። እኔ እንደሚያለቅስ አልጠራጠርም።

*

በአርባቸው ሰሞን ወደ እማማ ቆሎ ቤት ሄድሁ። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኋት፤ ዘግይቼ በመምጣቴም ይቅርታ ጠየቅኋት። ቡና ቀርቦ ጥቂት እንደተጫወትን፣ እንደ ምንም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «የእናትሽ ስም ማን ነበር?» አልኋት።

ዝም ብላ አየችኝ። በዚያች ዝምታ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ከዚያ ነገረችኝ።

«ስለ እርሳቸው መጻፍ እፈልጋለሁ። ስማቸውን ላውጣው?» አልኋት።

«ተወው ወንድሜ» አለችኝ። «በቁሟ ያልጠየቅሃትን ስም አሁን ጋዜጣ ላይ ብታወጣው ምን ያደርግላታል? የሚያውቋት ያውቋታል። ይልቅ እዚያ አጠገቧ ሲሠራ የነበረውን ሊስትሮ፣ እርሱን ስሙን ጠይቀው።»

ስለዚህ የእማማ ቆሎ ስም በዚህ ጽሑፍ ላይ የለም፤ ልጃቸው አልፈቀደችምና።

በማግስቱ ወደ መታጠፊያው ሄጄ ሊስትሮውን ስሙን ጠየቅሁት።